በቤዙ መሃል የሚያንጎራጉረው ሰው

ጡረታ የወጣችው ፋርማሲስት የሸክላ ማጫወቻዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተራዋን ትጠብቃለች። ማጫወቻው እንደ ሻንጣ የሚዘጋና እጀታ ያለው ነው፤ ሦስቱን ፎቅ በደረጃ ራሷ ተሸክማው ወጥታለች። ዘበኛው «ላግዝዎት» ቢላት፣ «ሊፍቱ እኮ ይሠራል» ቢላት፣ ወይ ፍንክች! ሊፍት ሲቆም ነጠቅ ስለሚያደርግ መርፌውን ይጎዳዋል ባይ ናት። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጉልበቷ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ለምኗት ነበር፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላው ወጣች።

የምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣሪያ ግራጫ ስፖንጅ ለብሷል። የጆሮ መርማሪዋ፣ የነጭ ጋውኗን እጅጌ ጠቅልላ የምትሠራ የሠላሳ ዓመት ፈጣን ሴት፣ በሩን ከፍታ ዕቃውን ስታይ ሳቋ አመለጣት።

«ዛሬም ይዘውት መጡ? በስልኬ ላጫውትልዎት እችላለሁ ብዬዎት ነበር እኮ፣ እማማ።»

«እማማ አትበይኝ ብዬሻለሁ። እማማ የምትያት የራስሽ እናት አለችልሽ። ከስልክ የሚወጣውን ነገር ደግሞ ሙዚቃ ብለሽ አትጥሪው፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እትዬ ይሁን ግድ የለም።»

ማጫወቻዋን ይዛ ስትመጣ ይህ ሦስተኛዋ ነው። ከጆሮዋ ጀርባ የተቀመጡትን ሁለት ትናንሽ የመስሚያ መሣሪያዎች የወሰደችው ለሠላሳ ቀን ሙከራ ሲሆን፣ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ቀኑ ያልቃል። ያን ጊዜ ወይ ፈርማ ታስቀራቸዋለች፣ ወይ ትመልሳቸዋለች። እሷ ግን በልቧ የቆረጠችው ነገር ከዚህም ያለፈ ነበር። መሣሪያዎቹ ሙዚቃዋን እንደ ነበረ ካልመለሱላት፣ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን የጃዝ ሸክላዎቿን ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ልትሰጥ ነው። መኪናው ሰኞ ጠዋት እንዲመጣ ተነጋግራ ጨርሳለች። ከዚያ በኋላ ጃዝን በትዝታ ብቻ ልትይዘው ነው። የተበላሸውን ከመስማት የነበረውን ማስታወስ ይሻላል ትላለች። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደግሞ፣ ከሃምሳ ዓመት በላይ ስትከታተላቸው የኖረችው ሽማግሌ ቤዝ ተጫዋች በከተማው ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ የስንብት ኮንሰርታቸውን ያቀርባሉ። ሂሳቧ ቀላል ነበር፤ ጆሮዋ ከተስተካከለ ትሄዳለች፤ ካልተስተካከለ ቤቷ ትቀመጣለች።

መጀመሪያ የተመረመረች ዕለት መርማሪዋ በወረቀት ላይ የተሠመረ መስመር አሳይታት ነበር። መስመሩ ከግራ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ይሄድና መሃል ላይ ሲደርስ ከጣሪያ እንደ ወደቀ ሰው ቁልቁል ይወርዳል። «ወፍራም ድምፅ እንደ ወጣት ነው የሚሰሙት» አለቻት መርማሪዋ፣ «የደከመው ቀጭኑ ላይ ነው።» ከዚያ መሣሪያዎቹን ለክታ ሰጠቻት። ፋርማሲስቷ ቤቷ ሄዳ አንድ ሸክላ አስቀምጣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልታገሠችም። በማግሥቱ ጠዋት፣ ማጫወቻዋን አንጠልጥላ፣ ያለ ቀጠሮ መጣች።

«ትራምፔቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ ያወራል» አለች።

መርማሪዋ ነገሩ ገባት። መሣሪያው ሳይቋረጥ የሚሄድ ቀጭን ድምፅ ሲሰማ የራሱ ፉጨት ይመስለውና ሊያጠፋው ይታገላል። ለወሬ የተሠራ እንጂ ለሙዚቃ አልተሠራም። «ግን እንዴት መሆን እንዳለበት ይነግሩኛል? እኔ ትራምፔት ሲነፋ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።»

በዚህ ጥያቄ የተጀመረ ጨዋታ ነው እስከ ዛሬ የዘለቀው። መርማሪዋ ኮምፒውተሯ ላይ ትነካካለች፤ ፋርማሲስቷ ትዝታዋን ትቆፍራለች።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ሲኒማ ቤት ውስጥ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ አብሯት የሚሄድ ሰው አጥታ ጎትታ ወሰደቻት እንጂ እሷስ የኬሚስትሪ ፈተና ነበረባት። ትራምፔተኛው አጠር ያለ፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ነበር። በመሃሉ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር አንስቶ ብቅ ሲል አዳራሹ በሳቅ ተንፈቀፈቀ፤ የተደፈነ ቧንቧ የሚከፈትበት ባለ ጎማ መምጠጫ ነው። እንጨቱን ነቅሎ ጎማውን ብቻ አስቀርቶታል። ሰውየው ሳቁ እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቀ። ከዚያ ጎማውን በትራምፔቱ አፍ ላይ ከፈት፣ ከደን፣ ከፈት እያደረገ ሲነፋ፣ መሣሪያው አፍ አውጥቶ መናገር ጀመረ። መስኮት ላይ ቆማ ጎረቤቷን የምትቆጣ ሴት መሰለ፤ ቀጥሎ ያቺው ሴት በሯን ዘግታ ብቻዋን ቀረች። የሳቀ ሁሉ ዝም አለ። የኬሚስትሪው ፈተና እንዴት እንደሆነ ዛሬ ትዝ አይላትም። የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ባየች ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ቆም ብላ በአክብሮት ታያለች።

«ከፍ ሲል መቅለጥ አለበት እንጂ መንቀጥቀጥ የለበትም» አለቻት ለመርማሪዋ። መርማሪዋም የፉጨት መከላከያውን ለሙዚቃ ብቻ የሚሆን ሌላ አሠራር ውስጥ አጠፋችው፤ ትራምፔቱም ከውሃው ወጣ።

በሁለተኛው ጊዜ የጠፋው ድራመኛው ነበር። በሽቦ መጥረጊያ የሚጫወቱ ድራመኞች አሉ፤ ሽቦውን በቆዳው ላይ በቀስታ ያዞሩታል። ድምፁ ሐር ቀሚስ የለበሰ ሰው በኮሪደር ሲያልፍ የሚሰማው ዓይነት ነው። መሣሪያው ይህን እንደ አየር ማራገቢያ ጫጫታ ቆጥሮ ጠርጎ ይጥለው ነበር። መርማሪዋ ግማሽ ሰዓት ስትነካካ ቆየች። ድንገት ፋርማሲስቷ እጇን ከፍ አደረገች።

«መጣ» አለች።

«ማን?»

«ድራመኛው ነዋ። ሁለት ዓመት ሙሉ የት ከርሞ ነው?»

መርማሪዋ ያን ቀን ማታ ለእህቷ፣ «ሰው የጠፋበት ዘመዱን በስልክ ሲያገኝ እንዲህ ነው የሚሆነው» ብላ ነግራታለች።

ዛሬ ሦስተኛው ነው፤ የመጨረሻውና ለፋርማሲስቷ ከሁሉም የሚበልጠው። ከቦርሳዋ አንድ ሸክላ አወጣች። ሽፋኑ ላይ ባዶ ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ስለዚህ ቤት ውስጥ «ባለ ወንበሩ» ነው የሚባለው። ጀርባው ላይ የመድኃኒት መለያ ወረቀት ተለጥፏል፤ በእሷ እጅ «እንደ አስፈላጊነቱ» ይላል። ሸክላዎቿን በፊደል ተራ ደርድራ አታውቅም። ፋርማሲ ውስጥ አርባ ዓመት የሠራች ሴት እንደ ፋርማሲ ነው የደረደረችው። «ጠዋት በባዶ ሆድ» የሚል መደርደሪያ አላት፤ ፈጣኖቹ፣ ጥሩምባ የበዛባቸው ናቸው። «ከምግብ በኋላ» አለ። ድምፃዊቷ ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሿን ስትስብ የሚሰማበት ሸክላ ላይ «ከሁለት ጊዜ በላይ አይወሰድም» ብላ ጽፋበታለች፤ ሦስተኛው ላይ ሆድ ያስብሳል። ባለ ወንበሩ ግን መጠን የለውም።

«ሁለተኛው ገጽ፣ ሦስተኛው ዜማ» አለች መርፌውን እያስቀመጠች። «ፒያኖው ጨርሶ ሲወጣ ቤዙ ብቻውን ይቀራል። በቤዙ መሃል መሃል ላይ ሰውየው ያንጎራጉራል። ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ፣ ከአፍንጫ የሚወጣ። እሱን ነው የምፈልገው።»

ሰሙ። ቤዙ መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ጣት ክሩን ሲለቅ እንኳ እየተሰማ።

«ይኸው እዚህ ጋ ነበር» አለች ፋርማሲስቷ። «አለፈ። አልሰጠኝም።»

መርማሪዋ ወፍራሙን ከፍ አደረገች። ደገሙት። አልመጣም። አሠራሩን ቀየረች። አልመጣም። መሣሪያዎቹን አስወለቀቻት፤ ያለ እነሱም አልመጣም። እስክሪብቶዋን ነክሳ ቆየችና ያንን የወደቀ መስመር ከፋይል አወጣችው።

«እትዬ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። ወፍራም ድምፅ ላይ ጆሮዎ ደህና ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ቢጠፋም መጨረሻ ላይ ነው የሚጠፋው።»

«የእኔ መጀመሪያ ነው የጠፋው። የጠፋበትን ጊዜ እንኳ አውቀዋለሁ፤ የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምት መግቢያ ላይ። ጆሮዬ መድከሙን ያወቅሁት በዚህ ነው። ሌላው ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።»

መርማሪዋ የራሷን ትልቅ የጆሮ ማዳመጫ ማጫወቻው ላይ ሰካችና ዓይኗን ጨፍና ሰማች፤ ሁለት ጊዜ።

«ሰው የለም» አለች።

«የለም ማለት?»

«ቤዝ አለ። አንድ ቦታ ወንበር ሲጥ ይላል። የሚያንጎራጉር ሰው ግን የለም።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አለ! አርባ ዓመት የሰማሁትን? አንቺስ ጆሮሽን ተመርምረሽ ታውቂያለሽ?»

«በየስድስት ወሩ፣ እትዬ።»

ፋርማሲስቷ ሸክላውን ወደ ሽፋኑ መለሰች። አልተቆጣችም፤ ከተቆጣችም አላስታወቀችም። «እንግዲያው መመለሳቸው ነው» አለች። «ግማሹን የሚሰጥ መድኃኒት እኔም ለሰው ሰጥቼ አላውቅም።»

«ቅዳሜ እስከ ስድስት ሰዓት እዚሁ ነኝ» አለች መርማሪዋ ከኋላዋ። «ትንሽ ያስቡበት።»

ቤቷ ሁለት መስኮት ያለው ሳሎን ነው። በአንደኛው መስኮት ሥር የባሏ የንድፍ ጠረጴዛ እስከ ዛሬ ቆሟል፤ ከፍ ያለ፣ ገጹ ያዘነበለ። የከተማው ውሃ ክፍል የቧንቧ መስመር ንድፍ ሠሪ ነበር፤ ያላለቀ ሥራ ይዞ ይመጣና ከሰዓቱን ሙሉ ጀርባውን ለሳሎኑ ሰጥቶ በቀጭን ብዕር ያሠምራል። እሷ በሌላው መስኮት በኩል፣ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ፣ ዓይኗን ጨፍና ሸክላ ትሰማለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት እንዲህ ኖረዋል። የሞተው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ይህን ለመርማሪዋ አልነገረቻትም። ለማንም ቢሆን ብዙ አትናገረውም፤ ከጆሮ ጋር የሚያገናኘው ነገርም አልታያትም።

ባሏ ጃዝ አይወድም ነበር። ቢያንስ እሱ እንዲያ ይል ነበር። የሚስቱን ሙዚቃ እንደ ሚስቱ ዘመዶች ችሎ የኖረ ሰው ነው። አዲስ ሸክላ ባስቀመጠች ቁጥር፣ ብዕሩን ሳያነሳ፣ «ጀመሩ ወይስ ገና እየቃኙ ነው?» ይላታል። ሳክስፎኑ ሲረዝምበት ደግሞ፣ «ሰውየው ምን ጠፍቶበት ነው እንዲህ የሚፈልገው? አግዙት እንጂ!» ይላል። ኮንሰርት ስትሄድ ግን አንድም ቀን ብቻዋን ልኳት አያውቅም። ካፖርቷን ይዞ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጎኗ ይቀመጥና የጋዜጣ እንቆቅልሽ ይሞላል።

ከኮንሰርቶቹ ሁሉ አንዱን አስታወሰች። ዝናብ ያጠቆረው ከሰዓት ነበር። ሁለተኛው ዜማ ላይ መብራት ጠፋ። ማይክራፎኑ ሞተ፤ አዳራሹ ድፍን ጨለማ ሆነ፤ ሰው ለመሄድ ወንበሩን ማንኳኳት ጀመረ። ያን ጊዜ ቤዝ ተጫዋቹ፣ ሰው የሚያክል መሣሪያቸውን አቅፈው፣ ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ ከመድረክ ወረዱ። ከሦስተኛው ረድፍ ፊት፣ እጅ ብትዘረጋ የሚነኩበት ቦታ ላይ ቆመው ብቻቸውን መጫወት ጀመሩ። ድምፁ በጆሮ ብቻ አልመጣም፤ በወለሉ እንጨት፣ በወንበሩ እግር፣ በጉልበት አጥንት ነው የመጣው። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ያሳለ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ክርና እንጨት ብቻ ይዞ አራት መቶ ሰው በጨለማ ሲያስቀምጥ ያየችው ያኔ ብቻ ነው። ባሏ እንቆቅልሹን ማየት ስላልቻለ ጋዜጣውን አጥፎ ነበር። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረ፤ «አሁን ጀመሩ» አላት። ቀልድ መስሏት በክርኗ ጎሸም አድርጋው ነበር።

ባለ ወንበሩ ላይ የሚጫወቱትም እኚሁ ሰው ናቸው፤ በሠላሳ ዓመት ዕድሜያቸው። ሐሳቡ የመጣላት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው በሕይወት አሉ፤ አንጎራጉረው እንደሆነ ከራሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። አዎ ካሏት ጥፋቱ የመሣሪያው ነው፤ ቅዳሜ ትመልሰዋለች፣ ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ልምምድ ወደሚያደርጉበት ወደ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ሄደች። ሽማግሌው መድረኩ ላይ ብቻቸውን፣ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ክር ይወጥራሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከአፋቸው የጥርስ እንጨት ስለማይለይ ሙዚቀኞቹ «ስንጥር» ይሏቸዋል፤ አጠገባቸው ባይሆንም።

«ሦስተኛ ረድፍ!» ብለው ጮኹ ገና ከበሩ ሲያዩዋት። ሌላ ስም አያውቁላትም። «አለሽ እንዴ? እኔማ ቀድመሽኝ የሄድሽ መስሎኝ ነበር።»

«አለሁ፣ ጋሼ። እርስዎን ሳልሸኝ የት እሄዳለሁ?»

«አሽሙርሽን ተዪ። ምን እግር ጣለሽ?»

ነገረቻቸው፤ ስለ ሸክላው፣ ስለ ሦስተኛው ዜማ፣ ስለ ማንጎራጎሩ። ሽማግሌው እየሰሙ የጥርስ እንጨታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ።

«እኔ? ሳንጎራጉር?»

«እርስዎ።»

«ልጄ፣ እኔ ስጫወት ይህቺ አፌ ውስጥ ናት። አፌን ብከፍት እውጣታለሁ። በሕይወቴ አንጎራጉሬ አላውቅም፤ ሚስቴ እንኳ ምነው አንድ ቀን ዘፍነህልኝ እንዳለች ነው የሞተችው።»

«ፒያኒስቱ ይሆናል እንግዲያ።»

«ፒያኒስቱ እኔ ስጫወት ውጭ ወጥቶ ሲጋራ ያጨስ ነበር። ድራመኛው አብሮት። ክፍሉ ውስጥ እኔና አንድ ወንበር ብቻ ነን የቀረነው። ምን ዓይነት ዜማ ነው? እስቲ አሰሚኝ።»

ፋርማሲስቷ ደነገጠች። ሙዚቃ ስትሰማ እንጂ ስታሰማ ኖራ አታውቅም፤ ያውም በእኚህ ሰው ፊት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንጎራጎረች፤ ወደ ታች የሚወርዱ ሦስት ድምፆች፣ ከዚያ አንድ ወደ ላይ የምትቀር። ሽማግሌው ቤዛቸውን አቅፈው ያንን ዜማ ከሥሯ መጫወት ጀመሩ። ትንሽ እንደሄዱ ጣታቸውን ከክሩ አነሱ።

«ቆይ፣ ቆይ። ድገሚው። እኔን አትይ፤ እሱ እንደሚገባው ግቢ።»

ደገመች።

«አየሽ?» አሉ ሽማግሌው። ፊታቸው ላይ ያለው ፈገግታ የቀልድ አልነበረም። «ይህ ሰው እኔን አይደለም የሚከተለኝ። እኔ ዝም ስል ነው የሚገባው። እዚህ ጋ ሦስት ምት ዝም እላለሁ፤ ሆን ብዬ ነው። እዚህም እንደዚያው። እሱ በእነዚያ በዝምታዎቹ ውስጥ ነው መልስ የሚሰጠኝ። የሚጫወት ሰው እንዲህ አያንጎራጉርም። እንዲህ የሚያንጎራጉረው የሚሰማ ሰው ነው። ያውም ብዙ ጊዜ፣ ደህና አድርጎ የሰማ።» የጥርስ እንጨቱን ከአፋቸው አወጡ። «ሸክላውን ስትሰሚ ድምፅ ማጉያሽ የት ነበር የሚቀመጠው?»

«አንድ ብቻ ነው ያለን፤ ገመዱ አጭር ስለሆነ መሰኪያው አጠገብ...» አለችና ቆመች። «ከባሌ የንድፍ ጠረጴዛ ሥር።»

ፋርማሲስቷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ የምትፈልገው ነገር አልነበረም፤ መልሳ ዘጋችው። ዓይኗን ጨፍና ስትሰማ ድምፁ ከዚያ አቅጣጫ ነበር የሚመጣው፤ ቤዙም ማንጎራጎሩም ከአንድ ቦታ። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ስሙት፣ ያንጎራጉራል!» ብላ ባለ ወንበሩን ታሰማ ነበር፤ እንግዶቹም ሻይ የሚቀርበው ከዚያ በኋላ መሆኑን ስለሚያውቁ ራሳቸውን ይነቀንቁላት ነበር። እንግዳ ሲኖር ባሏ ጠረጴዛው ላይ አይሆንም፤ ከሰው ጋር ይቀመጣል። እሷ ደግሞ ስለ ማንጎራጎሩ እያወራች ስለነበር የሰማችው የራሷን ድምፅ ብቻ ነው።

«ሙዚቀኛ ነበር?» አሉ ሽማግሌው።

«የለም። የቧንቧ ንድፍ ሠሪ ነበር። ጃዝ አይወድም ነበር።»

«ተይ እንጂ! ጃዝ የማይወድ ሰው ያንን ቦታ አያገኘውም። እኔ ራሴ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።» ቤዛቸውን ትከሻው ላይ መታ መታ አደረጉት። «ስሙ ከእኛ ስም ጋር ሽፋኑ ላይ መጻፍ ነበረበት።»

«ደስ አይለውም ነበር» አለች ፋርማሲስቷ። ከዚያ አመስግና፣ «እስከ ነገ» ብላ ወጣች።

መንገድ ላይ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ «እየቃኙ ነው ወይ?» እያለ ሲያሾፍባት የኖረው ሰው፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ብዕሩን እያንሸራተተ፣ ከሸክላዎቿ ሁሉ ከባዱን ቃል በቃል አጥንቶታል። አጥንቶም አልቀረ፤ በእሱ ላይ የራሱን ጨምሮበታል። እሷ በዩኒቨርሲቲ የተማረችው፣ መጽሐፍ ያነበበችው፣ በየኮንሰርቱ ማስታወሻ የያዘችው፣ ያ ዝምታ እዚያ መኖሩን እንኳ አላወቀችም ነበር። እሱ ግን ገብቶ ተቀምጦበታል።

«አንተ ሌባ!» አለች ጮክ ብላ።

ከፊቷ የሚሄድ አንድ ሰው ደንግጦ ኪሱን ጨበጠና ዞር ብሎ አያት። ይቅርታ ጠየቀችው። ሰውየው መንገድ ከተሻገረ በኋላም ትስቅ ነበር፤ ደግሞ ለመሳቅ ብቻ ያልሆነ ነገርም ነበረበት፤ እሱን መሃረቧ ውስጥ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ሐኪም ቤት ስትደርስ ማጫወቻዋን አልያዘችም። በሊፍት ነው የወጣችው።

መርማሪዋ ባዶ እጇን ስታይ ቅር አላት። «ሊመልሷቸው ነው አይደል?»

«የት ላይ ነው የሚፈረመው?»

«ምኑ?»

«ማስቀሪያው ነዋ። መሣሪያው ልክ ነው። አንቺም ልክ ነሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ሸክላው ላይ የሚያንጎራጉር ሰው የለም።»

መርማሪዋ ወረቀቱን እያቀረበች በጎን አየቻት። «አርባ ዓመት የሰሙትስ?»

«እሱ ነበረ።»

«ሸክላው ላይ ከሌለ የት ነው ታዲያ የነበረው?»

ፋርማሲስቷ ስሟን በጥንቃቄ፣ ሐኪሞች በማይችሉት በሚነበብ ጽሑፍ፣ ጽፋ ፈረመች። «ቤት ውስጥ» አለች። ከዚያ በላይ አልጨመረችም፤ መርማሪዋም ፊቷን አይታ አልጠየቀችም። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ከሰዓት በኋላ ሥራ አለሽ?»

«የለኝም።»

«ትራምፔት ሲነፋ አይቼ አላውቅም ብለሻል። ያልሰማ ሰው የሰው ጆሮ ሲያስተካክል አልወድም። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ጠብቂኝ።»

ከመውጣቷ በፊት ከእንግዳ መቀበያው ስልክ ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ደወለች። መኪናው ሰኞ እንዳይመጣ፤ ሸክላዎቹ ገና እየተሰሙ ነው አለቻቸው። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ቅር ብሎት፣ «መቼ ይጨርሷቸዋል?» ሲላት፣ «አንዱን ትናንት ገና እንደ አዲስ መጀመሬ ነው» ብላ ዘጋችው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሁለቱ ሴቶች ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ትራምፔተኛዋ ወጣት ነበረች፤ የመጀመሪያውን ረጅም ድምፅ ስትለቅ መርማሪዋ የፋርማሲስቷን ክንድ ያዘች፤ መያዟን ግን ያወቀችው አልመሰለም። ስልክና ኮምፒውተር ያልነገሯትን ነገር በአንድ ጊዜ ነው የሰማችው። ፋርማሲስቷ ክንዷን አላስለቀቀችም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰማ ማየት ራሱን የቻለ ኮንሰርት ነው።

ከዚያ ሌሎቹ ሙዚቀኞች አንድ በአንድ አቆሙ። ድራመኛው ብቻ ሲምባሉን፣ ያንን የናስ ሳህን፣ አልፎ አልፎ በዱላው ጫፍ ነካ ያደርጋል። ሽማግሌው የባለ ወንበሩን ሦስተኛ ዜማ ጀመሩ። ሰማንያ ሁለት ዓመት የሞላው ጣት እንደ ሠላሳው አይፈጥንም፤ ስለዚህ የሚጥሉትን ሁሉ ጥለው የማይጣለውን ብቻ አስቀርተውታል። እንዲህ ተጫውተው አያውቁም። ሦስት ምት ዝም የሚሉበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ድራመኛው ሲምባሉን ለመጨረሻ ጊዜ ነካ አድርጎ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ፤ እሳቸውም ጣታቸውን አነሱ።

ዝም አሉ። መርማሪዋ ጠጋ ብላ፣ «ይሰማዎታል?» ልትላት ነበር፤ ፋርማሲስቷ ጣቷን በቀስታ ከፍ አድርጋ አስቆመቻት። ባሏ መልስ ይሰጥበት የነበረው ዝምታ ባዶ አልነበረም። የሲምባሉ የመጨረሻ ድምፅ አሁንም አየሩ ውስጥ ነበር፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ እየራቀ የሚሄድ፣ ለዓመታት ያልሰማችው ዓይነት ድምፅ። ሽማግሌው እስኪያልቅ ይጠብቁታል። እሷም እስከ መጨረሻው ተከተለችው።